መልቲፕል ስክለሮሲስ፦ የዓይን ምርመራ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ምን ይነግረናል?

አንድ ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። አይቀላም፣ አያዥም፣ አያሳክክም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ግን ከኋላው ያምማል፤ ቀይ ጨርቅ ሲያዩበት ቀለሙ ታጥቦ የደበዘዘ ይመስላል። ባለሙያው ዓይኑን ከውጭም ከውስጥም መርምሮ አንዳች እንከን ላያገኝ ይችላል። የዓይን ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም የሚቀባበሉት የቆየ አባባል አለ፦ “ታማሚው ምንም አያይም፤ ሐኪሙም ምንም አያይም።”

ሕመሙ ኦፕቲክ ኒውራይቲስ ወይም የዓይን ነርቭ መቆጣት ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልፋል። በሌሎች ላይ ግን መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የዕድሜ ልክ የነርቭ ሕመም የመጀመሪያው ደወል ነው። ደወሉ በጊዜ ከተሰማ፣ ሕመሙ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ደጋግሞ ከመጉዳቱ በፊት መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ካልተሰማ ሰውየው “ዓይንህ ጤነኛ ነው” ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ በተቆረቆረችው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል እንደ ኦዳ ባሉ ሰፈሮችና መንደሮች ለሚኖር ሰው፣ የአንጎልን ምስል የሚያነሣው የኤምአርአይ መሣሪያ የመቶዎች ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የእይታ መለኪያ ሰሌዳ፣ ባትሪና አንድ ቀይ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ግን በአነስተኛ የጤና ተቋም ውስጥም ይገኛሉ። ያን ረጅም መንገድ ማን ሊጓዝ እንደሚገባው አስቀድመው የሚጠቁሙትም እነዚህ ናቸው።

መልቲፕል ስክለሮሲስ ምንድን ነው?

አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰርና የዓይን ነርቭ መልእክት የሚለዋወጡባቸው የነርቭ ክሮች ማይሊን በተባለ ስብ ነክ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ሽፋኑ የኤሌክትሪክ ሽቦን እንደሚለብሰው ፕላስቲክ ነው፤ መልእክቱ ፈጥኖና ሳይባክን እንዲደርስ ያደርጋል። በመልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ይህንን የራሱን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ የተገፈፈበት ነርቭ መልእክቱን ያዘገያል ወይም ያቋርጣል። ጥቃቱ ከበረታ ደግሞ የነርቭ ክሩ ራሱ ይሞታል።

ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ በፓሪሱ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል እአአ በ1868 ሕመሙን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ገለጸው። ስሙም በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይ እዚህም እዚያም የሚታዩትን የጠነከሩ ጠባሳዎች ያመለክታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። የመልቲፕል ስክለሮሲስ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እአአ በ2023 ያወጣው ግምት ቁጥሩን ወደ 2.9 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ በእጥፍና ከዚያም በላይ ያጠቃል። ትምህርት የሚጠናቀቅበት፣ ሥራ የሚያዝበት፣ ቤተሰብ የሚመሠረትበት ዘመን መሆኑ ጉዳቱን ያከብደዋል።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንስኤው አንድ ብቻ እንዳልሆነ ይታመናል፤ የዘር ተጋላጭነት፣ የቫይታሚን ዲ ማነስና ሲጋራ ማጨስ ይጠቀሳሉ። እአአ በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የጤና መረጃ መርምሮ፣ ኤፕስታይን-ባር በተባለው ቫይረስ የተያዙ ሰዎች በመልቲፕል ስክለሮሲስ የመያዝ ዕድላቸው 32 ጊዜ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ አብዛኛውን የሰው ልጅ የሚይዝ ሲሆን፣ ወደ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚያደርሰው ጥቂቶችን ብቻ ነው።

ከአሥር ታማሚዎች በስምንት ወይም በዘጠኙ ላይ ሕመሙ በመጀመሪያ እያገረሸና እየበረደ ይሄዳል። ምልክቱ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆይና ይሻላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በሌላ የሰውነት ክፍል ብቅ ይላል። ዛሬ ዓይን፣ በሌላ ጊዜ የእግር መደንዘዝ፣ ቆይቶ ሚዛን መሳት ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ምልክት ለየብቻ ሲታይ ቀላል ስለሚመስል፣ ሁሉንም በአንድ ክር የሚያያይዝ ሐኪም እስኪገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ዓይን ለምን መስኮት ሆነ?

የዓይን ነርቭ በእጅና በእግር ካሉት ነርቮች ይለያል፤ አሠራሩ የአንጎል ቅጥያ ነው። አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮችን ይዞ ከዓይን ኳስ ጀርባ ወደ አንጎል ያመራል። ክሮቹን የሚሸፍነውም የአንጎሉ ዓይነት ማይሊን በመሆኑ፣ አንጎልን የሚያጠቃው ሕመም ይህንንም አይምርም።

ይሁንና ክሮቹ በዓይን ውስጥ፣ በሬቲና ላይ ተዘርግተው ሳሉ ማይሊን የላቸውም። ሽፋኑን የሚለብሱት ከዓይን ኳስ ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ በሬቲና ላይ የሚታየው ንብርብር እርቃኑን የቀረ የነርቭ ክር ነው። ያ ንብርብር ከሳሳ፣ የሳሳው ነርቩ ራሱ ነው ማለት ነው። የራስ ቅል ሳይከፈት፣ መርፌም ሳይወጋ፣ በብርሃን ብቻ የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት ክሮች የሚታዩበት ሌላ የሰውነት ክፍል የለም።

ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች ከአራቱ ወይም ከአምስቱ በአንዱ ላይ የዓይን ነርቭ መቆጣት የመጀመሪያው ምልክት ነው። በሕመሙ ዘመን ውስጥ በአንድ ወቅት ደግሞ ግማሽ ያህሉን ይገጥማቸዋል።

በአሜሪካ በ15 ማዕከላት የተካሄደው የኦፕቲክ ኒውራይቲስ ሕክምና ጥናት እአአ ከ1988 እስከ 1991 ድረስ 457 ታማሚዎችን መዝግቦ ለ15 ዓመታት ተከታትሏል። በዚያ ዘመን ማብቂያ ግማሽ ያህሉ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ልዩነቱን ያመጣው በመጀመሪያው ቀን የተነሣው የአንጎል ምስል ነበር። በምስሉ ላይ አንድም ጠባሳ ካልታየባቸው 25 በመቶ፣ አንድና ከዚያ በላይ ከታየባቸው ግን 72 በመቶ የሚሆኑት በሕመሙ ተይዘዋል። የዓይን ባለሙያው ጥርጣሬውን በወቅቱ ጽፎ ታማሚውን ወደ ነርቭ ሐኪም መላኩ ክብደት የሚኖረው ስለዚህ ነው።

በቀላል መሣሪያ የሚደረጉ ምርመራዎች

የእይታ ጥራት። ሆላንዳዊው ኸርማን ስኔለን እአአ በ1862 ያዘጋጀው ሰሌዳ ዛሬም በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ይታያል። ፊደል ለማያነብ ሰው አቅጣጫው የሚቀያየር ባለ ሦስት ጣት ምልክት ያለበት ሰሌዳ አለ፤ ታማሚው ጣቶቹ ወዴት እንዳመለከቱ በእጁ ያሳያል። ዋናው ነገር እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ መለካት ነው። ሁለቱ ዓይኖች ተከፍተው ጤነኛው የታመመውን ስለሚደጉም፣ ብዙ ሰዎች የአንዱን መዳከም የሚያውቁት ሌላውን በእጃቸው ሲከልሉት ነው።

በስልክ የሚሠራ መለኪያም አለ። በኬንያ ናኩሩ የተፈተሸውና ፒክ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ከመደበኛው ሰሌዳ ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንደሚሰጥ እአአ በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

የቀለም እይታ። የዓይን ነርቭ ሲቆጣ በብዛት የሚጎዳው ቀለም ቀይ ነው። ባለሙያው ቀይ ክዳን በአንዱ ዓይን ከዚያም በሌላው እያሳየ “የቱ ይበልጥ ቀይ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። በታመመው ዓይን ቀዩ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል። እአአ በ1917 የወጡት የጃፓናዊው ሺኖቡ ኢሺሃራ ባለ ነጠብጣብ ሥዕሎችም ያገለግላሉ። በሰሌዳው ላይ መልካም ውጤት ያመጣ ዓይን በቀለም ፈተና ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የደበዘዙ ፊደላትን መለየት። እአአ በ1988 የወጣው የፔሊ-ሮብሰን ሰሌዳ ፊደላቱ መጠናቸውን ሳይቀይሩ ቀለማቸው እየሳሳ ይሄዳል። “አያለሁ፣ ግን አልጠራልኝም” የሚለውን የታማሚ አቤቱታ በቁጥር የሚያስቀምጥ ነው።

የብሌን ምርመራ። ከሁሉም በላይ ተጨባጭ ማስረጃ የሚሰጠው ይህ ነው፤ የሚፈልገውም ጨለም ያለ ክፍልና ደማቅ ባትሪ ብቻ ነው። ጤነኛ ዓይን ላይ ብርሃን ሲያርፍ የሁለቱም ዓይኖች ብሌን ይጠባል። ባትሪው በፍጥነት ወደ ታመመው ዓይን ሲዛወር ግን ብሌኖቹ ከመጥበብ ይልቅ ይሰፋሉ፤ የተጎዳው ነርቭ ወደ አንጎል የሚያደርሰው የብርሃን መልእክት አንሷልና። ይህ ምልክት በስኮትላንዳዊው የዓይን ሐኪም ስም የማርከስ ገን ብሌን ይባላል። ታማሚው ሊያስመስለው ወይም ሊደብቀው አይችልም። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ግን ልዩነቱ አይታይም።

የዓይን ውስጥ ምርመራ። ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እአአ በ1851 ይፋ ያደረገው ኦፍታልሞስኮፕ የነርቩን መነሻ ክብ ለማየት ያስችላል። በአሜሪካው ጥናት ክቡ ያበጠው በሦስተኛው እጅ ታማሚዎች ላይ ብቻ ነበር፤ በቀሪዎቹ ጉዳቱ ከዓይን ኳስ ጀርባ ስለነበረ ጤነኛ መስሏል። ከሳምንታት በኋላ ግን ክቡ ይገረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ “ንጹሕ” የተባለ ዓይን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ በድጋሚ ሊታይ ይገባል።

የዓይን እንቅስቃሴ። ባለሙያው ጣቱን ወይም እስክሪብቶ እያንቀሳቀሰ ታማሚው በዓይኑ እንዲከተል ያደርጋል። ወደ ጎን ሲመለከቱ አንዱ ዓይን ወደ አፍንጫ አቅጣጫ መዞር ተስኖት ከቀረና ሌላው ከተርገበገበ፣ ጉዳቱ የሁለቱን ዓይኖች እንቅስቃሴ በሚያቀናጀው የአንጎል ግንድ መስመር ላይ ነው። ይህ ምልክት በወጣት ሰው በሁለቱም ዓይኖች ከታየ መልቲፕል ስክለሮሲስን አጥብቆ ያስጠረጥራል። ነገር ሁለት ሆኖ መታየትና የዓይን ያለፈቃድ መርገብገብም ከዚሁ ጎራ ናቸው።

በትላልቅ ማዕከላት የሚገኙ ምርመራዎች

በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እአአ በ1972 አንድ አዲስ ዘዴ አስተዋወቁ። ታማሚው ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የሚቀያየሩበትን መስኮት ሲመለከት፣ በራስ ቅሉ ጀርባ የተለጠፉ ሽቦዎች መልእክቱ ከዓይን ተነሥቶ አንጎል የሚደርስበትን ጊዜ ይለካሉ። በጤነኛ ሰው መቶ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ማይሊኑ በተጎዳ ነርቭ ይዘገያል፤ እይታው ከተመለሰ በኋላ እንኳ መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ከዓመታት በፊት አልፎ የተረሳን ጥቃት የሚመሰክር አሻራ ነው።

ሁለተኛው በአሕጽሮት ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ ነው። እአአ በ1991 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ በብርሃን ሞገድ የሬቲናን ንብርብሮች በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል፣ ይለካል። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ አያምምም፤ ጨረርም የለውም። የነርቭ ክሩ ንብርብር በጤነኛ አዋቂ ወደ መቶ ማይክሮን የሚጠጋ ውፍረት አለው። ከኦፕቲክ ኒውራይቲስ በኋላ ባሉት ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ ጉልህ ክፍሉ ሊሳሳ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ነርቩ ስላበጠ ልኬቱ ወፍራም መስሎ ሊያሳስት ይችላል። መሣሪያው ለግላኮማና ለስኳር በሽታ ክትትልም ስለሚያገለግል፣ ኤምአርአይ በሌለባቸው የዓይን ማዕከላት ጭምር ይገኛል።

የበሽታው መለያ መስፈርት ለምን ተቀየረ?

መልቲፕል ስክለሮሲስን በአንድ የደም ምርመራ ብቻ መለየት አይቻልም። ሐኪሞች የሚመሩት እአአ በ2001 በወጣውና በኒውዚላንድ ተወላጁ የነርቭ ሐኪም በኢያን ማክዶናልድ ስም በሚጠራው መስፈርት ነው። ዋና ሐሳቡ ጉዳቱ በቦታም በጊዜም የተሠራጨ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እአአ በ2017 በተሻሻለው ቅጂ የሚቆጠሩት ቦታዎች አራት ነበሩ፤ ሦስቱ በአንጎል ውስጥ፣ አንዱ በሕብለ ሰረሰር። የዓይን ነርቭ አልተካተተም ነበር።

እአአ በ2024 የቀረበውና በ2025 የታተመው ማሻሻያ የዓይን ነርቭን አምስተኛ ቦታ አድርጎ ተቀብሏል። ጉዳቱን በኤምአርአይ ብቻ ሳይሆን በኦሲቲ ወይም በመልእክት ፍጥነት መለኪያው ማስመስከርም ይቻላል። ማክዶናልድ ራሱ የ1972ቱን የፍጥነት መለኪያ ጥናት ካካሄዱት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። ማሻሻያው የዓይን ባለሙያን ከጠቋሚነት ወደ ማስረጃ አቅራቢነት ከፍ አድርጎታል።

በኢትዮጵያና በኬንያ ሕመሙ ብርቅ ነውን?

መልቲፕል ስክለሮሲስ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች እንደሚበዛ ለረጅም ጊዜ ይታወቃል። ሰሜን አውሮፓና ካናዳ ከፍተኛውን ቁጥር ሲያስመዘግቡ፣ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በዝቅተኛው እርከን ይገኛሉ። ነገር ግን የነርቭ ሐኪምና ኤምአርአይ በሌለበት ስፍራ የሕመሙ መቆጠር ራሱ ይቀንሳል።

በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት የተካሄደው የነርቭ ሕመሞች ጥናት ለዚህ ጠቃሚ መነሻ ነው። እአአ በ1990 በታተመው በዚህ ጥናት 60,820 የገጠር ነዋሪዎች ተዳሰዋል። ከመቶ ሺህ ሰዎች 520 ያህሉ የሚጥል በሽታ፣ 16 ያህሉ ደግሞ የዓይን ነርቭ መክሳት እንዳለባቸው ታይቷል። የነርቭ መክሳት ብዙ መንስኤዎች ያሉት የመጨረሻ ጠባሳ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ የምግብ እጥረት፣ መርዝ፣ ግላኮማ፣ የነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከከሳ በኋላ ያከሳውን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ማወቅ አዳጋች ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ የማሠልጠን መርሐ ግብር የተጀመረው እአአ በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ሐኪሞችና የምስል መሣሪያዎች ቁጥር ጨምሯል፤ ቀድሞ ስም ያልነበረው ሕመም ስም ማግኘት ችሏል።

የዓይን ሕክምናው ትኩረት ደግሞ በአመዛኙ በሌላ በኩል ነው፤ ምክንያትም አለው። እአአ በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ሳቢያ መሆኑን አሳይቷል። የሞያሌ ኬንያዊ ክፍል የሚገኝባት ማርሳቢትም ትራኮማ ካጠቃቸው የኬንያ አውራጃዎች አንዷ ናት። የተገለበጠ ሽፋሽፍትና የነጣ ብሌን የለመደ ዓይን፣ ምንም ያልሆነ የሚመስለውን ዓይን ሊያልፈው ይችላል።

ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሕመሞች

የዓይን ነርቭ ጉዳት ሁሉ መልቲፕል ስክለሮሲስ አይደለም። በአካባቢያችን ቀድመው ሊታሰቡ የሚገባቸው ሌሎች አሉ።

የመጀመሪያው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ነው። ፈረንሳዊው ኤውዤን ዴቪክ እአአ በ1894 የገለጸው ይህ ሕመም የዓይን ነርቭንና ሕብለ ሰረሰርን በከባዱ ያጠቃል። ለረጅም ጊዜ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ዓይነት ተደርጎ ቢቆጠርም፣ እአአ በ2004 የተለየ የደም ፀረ-አካል በመገኘቱ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል። እይታን ፈጽሞ መጋረድ፣ ሁለቱንም ዓይኖች መያዝ፣ የሁለት እግር መክዳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ለቀናት የማይቆም ስቅታ ወይም ትውከት ያስጠረጥሩታል። ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ እንደ ኢንተርፌሮንና ፊንጎሊሞድ ያሉ መድኃኒቶች ይህንን ሕመም ሊያባብሱ ይችላሉ።

ሁለተኛው ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢታምቡቶል በጥቂት ሰዎች ላይ የዓይን ነርቭን ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ በሁለቱም ዓይኖች፣ ቀይና አረንጓዴን ከመለየት በመጀመር ይታያል። የተጠረጠረ ሰው በዚያው ቀን ለሕክምና ክፍሉ ማሳወቅ አለበት፤ ሁሉንም መድኃኒት በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ በደም ምርመራ ይለያሉ። በተበከለ የቤት ውስጥ አረቄ የሚገባ ሜታኖል ሁለቱንም ዓይኖች በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

ሕክምናውና የተማርነው ትምህርት

ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ጥናት ስለ ስቴሮይድ መድኃኒቶች ያስተማረው ነገር ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ለሦስት ቀናት በደም ሥር የተሰጠ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን እይታ ቶሎ እንዲመለስ ረድቷል። ከወራት በኋላ ግን ከሕክምናው ውጭ የቆዩትም ተቀራራቢ እይታ አግኝተዋል። በተለመደው አነስተኛ መጠን በአፍ ብቻ የተወሰደ ፕሬድኒሶን ደግሞ አልጠቀመም፤ ይልቁንም የሕመሙን ማገርሸት ጨምሯል።

ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ የፕሬድኒሶሎን እንክብል ለዚህ ሕመም መፍትሔ አይደለም። የስቴሮይድ የዓይን ጠብታም ከዓይን ኳስ ጀርባ ላለው ነርቭ አይደርስም፤ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ የዓይን ሞራንም ያስከትላል።

መልቲፕል ስክለሮሲስን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ማገርሸትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ግን እአአ ከ1993 ጀምሮ እየበዙ መጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2023 ክላድሪቢን፣ ግላቲራመርና ሪቱክሲማብ የተባሉትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚህ ሕመም አካትቷል። በካንሰር ሕክምና ለዓመታት ያገለገለው ሪቱክሲማብ መካተቱ አቅማቸው ውሱን ለሆኑ አገሮች ትርጉም አለው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙ፣ ከመጀመሩ በፊት እንደ ሳንባ ነቀርሳና ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ድብቅ ኢንፌክሽኖች መመርመር አለባቸው።

ከምርመራ በኋላ ያለው የዓይን ክትትል

ሕመሙ ከታወቀ በኋላም የዓይን ክፍል ደጅ አይዘጋም። በመጀመሪያ የሚወሰደው ልኬት መነሻ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራ የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። በኦሲቲ የሚታየው ንብርብር ከዕድሜ በሚጠበቀው በላይ እየሳሳ ከሄደ፣ ታማሚው አዲስ ምልክት ባይሰማውም ሕመሙ በውስጥ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ሕክምናውን ይመረምራል።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ክትትል ይጠይቃሉ። ፊንጎሊሞድ በጥቂት ሰዎች ላይ የሬቲናን መካከለኛ ክፍል ያሳብጣል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊትና ከጀመሩ ከሦስት እስከ አራት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይን መታየት አለበት፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል።

ሙቀትም የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እአአ በ1890 ታማሚዎች ሰውነታቸው ሲሞቅ እይታቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ገለጸ። በፍል ውሃ መታጠብ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ሥራና የቀትር ፀሐይ ይህንን ያመጣሉ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ እይታው ይመለሳል፤ አዲስ ጥቃትም አይደለም። በቆላማ አካባቢ ለሚኖሩ ይህንን ማወቅ ከሁለት ስሕተት ያድናል፦ በየሙቀቱ ከመደናገጥ፣ እንዲሁም ከ24 ሰዓት በላይ የቆየን እውነተኛ ማገርሸት “ሙቀት ነው” ብሎ ከመተው።

ከድንበር ከተማ ተነሥቶ ሕክምና መፈለግ

ከሞያሌ ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። በደቡብ በኩል መንገዱ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ፣ በሰሜን በኩል በያቤሎና በሐዋሳ ያልፋል። የሁለቱ አገራት መሪዎች በታኅሣሥ 2020 የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ ጉዞውን ያቀለለ ቢሆንም፣ የሕክምና መዝገብ ግን ድንበሩን ከሰውየው ጋር አይሻገርም። አንዱ ዘመድ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኬንያ በሚኖርበት ከተማ፣ አንድ ታማሚ በሁለቱም በኩል መታከሙ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ታማሚው የራሱ መዝገብ ጠባቂ መሆን አለበት። በአንድ ደብተር ላይ የሚከተሉትን ማስጻፍ ይገባል፦ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፤ የእያንዳንዱ ዓይን የእይታ ልክ፤ የቀለምና የብሌን ምርመራ ውጤት፤ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና የቀናት ብዛት፤ ቀደም ሲል የነበረ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ። ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ቢጻፍ ይመረጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት፣ ጥቃቶች በጊዜ መራራቃቸው መለያው በሆነ ሕመም ላይ ውዥንብር ሊፈጥር ይችላል። የምስል ውጤት ደግሞ ከነንባቡ ብቻ ሳይሆን ከነምስሉ በስልክ ወይም በሲዲ ሊያዝ ይገባል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? በአንድ ወይም በሁለት ዓይን እይታ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከቀነሰ፤ ዓይን ሲያንቀሳቅሱት ካመመ፤ ቀለም በአንድ ዓይን ከደበዘዘ፤ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ከጀመረ፤ ወይም ከእይታ መቀነስ ጋር እግር ከከዳ ወይም ሽንት ከተያዘ ነው። በዕለቱ የዓይን ስፔሻሊስት ባይገኝም፣ በሥፍራው ያለ የዓይን ነርስ ወይም የዓይን ክሊኒካል ኦፊሰር ሰሌዳውን፣ ቀዩን ክዳንና ባትሪውን ተጠቅሞ ውጤቱን በጽሑፍ ማስፈር ይችላል። ብሌኑ በብርሃን ፊት ከሰፋ፣ “ዓይኑ ንጹሕ ነው” የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ከጎኑ ወደ ነርቭ ሐኪም የሚያደርስ የማስተላለፊያ ወረቀት ሊኖር ይገባል።